ብርድ ልብሱን ላምጣልሽ

የጠፉት ሴትዮ መራመድ አይችሉም ነበር።

ነገሩን ጉድ ያሰኘው ይኸው ነው። ሃያ እርምጃ ለመሄድ ሁለት ጊዜ የሚያርፉ አሮጊት ከአውቶቡስ ወንበር ላይ ብን ብለው ጠፉ።

አውቶቡሱ በጎኑ ላይ «ሳይወጡ ተራራ ይዩ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ጉልበት የከዳቸውን፣ ልብ የሚያማቸውን፣ ወይም እንዲሁ ዳገት ሲያዩ የሚደክማቸውን ሰዎች ይጭንና አምስት መመልከቻዎች ላይ እያቆመ ተራራውን ያሳያቸዋል። የዚያን ቀን የተሳፈሩት አስራ ዘጠኝ ነበሩ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሆቴሉ በር ደርሶ ተሳፋሪው ሲወርድ፣ ሾፌሩ ለመንገዱ ያደላቸውን ብርድ ልብሶች ሊሰበስብ ገባ። ሰባተኛው ረድፍ ላይ አንዱ አብጦ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ደርሰናል እኮ፤ ይነሡ» አለ።

ገለጥ ሲያደርገው ከሥሩ ያለው የእጅ ሻንጣ ነው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የሴትዮዋ ልጅ እንግዳ መቀበያው ወለል ላይ ተዘርፍጣ፣ የእናቷን ብርድ ልብስ አቅፋ ታለቅሳለች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናቷን ትታ መውጣት ስለማትችል ቤቷ ውስጥ ነው የምትሰፋው። ዕድሜዋን ያጋመሰችው እዚያው ነው።

ኢንስፔክተሩ እዚህ ተራራ ሥር አስራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አንድ ቀን ወጥቶት አያውቅም። የግራ ጉልበቱ አልታዘዝ ካለው ቆየ፤ ተራራውን የሚያውቀው በቢሮው መስኮት ነው። በዚህ የሚቀልዱበትን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፣ ቂምም ይዞባቸዋል።

«እናትሽን መጨረሻ ያየሻቸው የት ነው?»

«አምስተኛው መመልከቻ ላይ። አብረን ወረድን። ከዚያ ቀድማኝ የገባች መሰለኝ... ወይኔ እማዬ!»

«ሻንጣውን ብርድ ልብስ ሥር ማን አስገባው?»

«እኔ ነኝ። እንዳይሰረቅ ብዬ።»

«ሕመም አለባቸው?»

«ሐኪሙ ክረምቱን አታልፍም ብሎናል። ተራራ ሳላይ አልሞትም ብላ ነው የመጣነው።»

ኢንስፔክተሩ ያሉትን ፖሊሶችና የሆቴሉን ሠራተኞች በሙሉ ወደ አምስተኛው መመልከቻ ላከ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ሐኪም ዘንድ ደውሎ ጠየቀ።

«በእሳቸው ዕድሜ፣ በዚህ ብርድ?» አለው ሐኪሙ። «ሳይመሽ አግኟቸው። ከመሸ በከንቱ አትልፉ።»

ሰዓቱን አየ። ጀንበር ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ቀርቷታል።

ተሳፋሪዎቹ አንድ ሰው ላይ ጣት ቀሰሩ። ካሜራ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጡረተኛ መምህር ነው፤ ጠዋት ሲነሡ ከአሮጊቷ ጋር በመስኮት ወንበር ተጣልቶ ነበር።

«ተጣልተሃል?»

«ተጣልቻለሁ። መስኮቱን ይዘው ያንቀላፋሉ! ምን ይሠራላቸዋል?»

«እስቲ ፎቶዎቹን አሳየኝ።»

አሳየው። ተራራ፣ ተራራ፣ ደመና፣ ተራራ።

«ሰው የለበትም?»

«ሰው አላነሣም። ሰው እይታ ያበላሻል።» ድንገት አንገቱን ደፋ። «ጌታዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ከረፋዱ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ጸጥ በማለታቸው ደስ ብሎኝ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ይህችን ያዘ። ሾፌሩን ጠራ።

«ሰው እንዴት ነው የምትቆጥረው?»

«በብርድ ልብስ ነው ኢንስፔክተር። ሲመለሱ ሁሉም ይሸፋፈናል። ያበጠ ብርድ ልብስ ሁሉ አንድ ሰው ነው። አስራ ዘጠኝ ነበሩ፣ ልጆቼን ይንሣኝ!»

«ልጆችህን ተዋቸው። አሮጊቷ የአውቶቡሱን ደረጃ እንዴት ይወርዱ ነበር?»

«በርጩማ አለችኝ። በቆምንበት ሁሉ ከሥራቸው አደርግላቸው ነበር።»

«በሁሉም?»

«በሁሉም።»

«አምጣት።»

ሾፌሩ ፊቱ አመድ መሰለ። በርጩማዋን ከወንበሩ ሥር ጎትቶ አመጣ። ኢንስፔክተሩ ገልብጦ እግሮቿን አየ። ቀይ ጭቃ ነው፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ቀይ ጭቃ ያለው የት ነው?»

«ሁለተኛው ላይ... ምንጭ ስላለ።»

«አምስተኛውስ? ነጭ ጠጠር አይደለም? ዝናብስ አልነበረም? በዝናብ የቆመች በርጩማ እንዴት እንዲህ ትደርቃለች?»

«ኢንስፔክተር፣ ከሥራዬ እባረራለሁ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰው እየሞተ ነው!»

ሾፌሩ እንባው መጣ። ከሁለተኛው በኋላ በርጩማዋን አላወጣትም። ደመናው ሲጠቁር ሰዉን እያጣደፈ አስገባ። «እማማ ገቡ?» ብሎ ልጃቸውን ጠየቃት። «ገብታ ተኝታለች» አለችው። ከዚያ በኋላም በየመመልከቻው «ተኝታለች፣ አትቀስቅሳት» ትለው ነበር።

ኢንስፔክተሩ ፖሊሶቹን በሬዲዮ ጠርቶ ወደ ሁለተኛው እንዲዞሩ አዘዘ። እነሱ ያሉት ግን ሩቅ ነው። ተነሥቶ እያነከሰ ወደ ልጅቷ ሄደ። ማልቀሷን ትታለች። በርጩማዋን በእጁ ስታይ አልጠየቀችውም።

«ሁለተኛው መመልከቻ ላይ ናቸው፣ አይደል?»

«አዎ።»

«በአምስት ሰዓት ነው የተውሻቸው። አሁን አስር ተኩል ሆነ።»

«ብርድ ልብሱን ላምጣልሽ አልኳት» አለች። «እውነቴን ነው፣ ላመጣላት ነው የሄድኩት። ገባሁ፣ አነሣሁት፣ ሞቀኝ። እስቲ አንዴ ልቀመጥ አልኩ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ተቀምጬ አላውቅም። ከዚያ ሾፌሩ ጠየቀኝ፤ አፌ ገብታለች አለ።»

«ከዚያስ?»

«ሦስተኛው ላይ እናገራለሁ አልኩ። ወረድኩና ተራራውን አየሁት። እጄን የሚይዘኝ የለ፣ ውኃ ስጪኝ የሚለኝ የለ። እንዴት እንደሚያምር! ደስ አለኝ ኢንስፔክተር። አራተኛው ላይ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልናገር?»

«እዚህ ስትደርሺስ? አምስተኛው ብለሽ ሰዉን ሁሉ ወደዚያ ስትሰጂ?»

«ሁለተኛው ካልኩ ትቻት መሄዴን ታውቁብኛላችሁ።»

ኢንስፔክተሩ በጥፊ ሊላት ፈለገ፤ ደግሞም አዘነላት። በሁለቱም በራሱ ተናደደ። አንድ ፖሊስ አጠገቧ አቁሞ፣ ሾፌሩን አስነድቶ ወጣ።

ሁለተኛው መመልከቻ ከመንገዱ ሠላሳ እርምጃ ነው፣ ለእሱ ጉልበት እንኳ የሚሆን። ሲደርሱ አስራ አንድ ተኩል ሆኖ ነበር። ጣሪያ በሌለው አግዳሚ ወንበር ላይ አሮጊቷ ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ወደ ተራራው ነው። ተራራው ግን በጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም። ልብሳቸው እስከ ውስጥ ርሷል። ኢንስፔክተሩ አንገታቸውን ዳሰሰ። ከሞቱ ሰዓታት አልፈዋል።

የዝናብ ላስቲካቸው ላያቸው ላይ አልነበረም። አጠገባቸው ወንበሩ ላይ ተነጥፎ፣ ንፋስ እንዳይወስደው በከዘራቸው ተጭኗል። ኢንስፔክተሩ አነሣው። ከሥሩ ያለው እንጨት ደረቅ ነው። አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ።

ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ ዝናቡን እየተቀበለ ቆመ።

ሆቴሉ ሲመለሱ ልጅቷ እዚያው ወለሉ ላይ ነች። ፊቱን አይታ ገባት።

«ጠርታኝ ይሆን?»

«አላውቅም።»

«ላስቲኩንስ ለብሳው ነበር? ስንወርድ እኔ ነኝ ያለበስኳት።»

ኢንስፔክተሩ አዎ ለብሰውታል ሊላት አሰበ። ግን ሪፖርቱ ላይ ሊጽፈው ነው፤ ፍርድ ቤት ቆማ ከምትሰማው ከእሱ ብትሰማው ይሻላል።

«አውልቀው አጠገባቸው ያለውን ቦታ ሸፍነውበታል» አላት። «ስትመለሺ የምትቀመጪበት እንዳይርስብሽ ብለው ነው።»

አላለቀሰችም። ቀስ ብላ ተነሣች። ያቀፈችውን ብርድ ልብስ ዘረጋችው፤ ጫፍና ጫፉን አገናኝታ፣ እንደ ልብስ ሰፊነቷ እኩል አድርጋ አጠፈችው። ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠችው።

«ይውሰዱላት» አለች።

ኢንስፔክተሩ ብርድ ልብሱን ተቀበላት።