ተራው ያልደረሰው እንግዳ

ይህቺ ልጅ ምን አጠጥታው ይሆን?

ዙራካን ይህን ጥያቄ ከልቧ ልታወጣው አልቻለችም። ሳጊናሊ በእንግዳ ክፍሏ ምንጣፍ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ፊቱን በራሷ ሻርፕ ሸፍናዋለች። ገና ረፋድ ላይ ደጃፏ አቅፏት «አንቺ ሴትዮ፣ ሞት ረስቶሻል መሰለኝ» ያላት ሰው ነው።

ከአርባ ዓመት በፊት አብረዋት ከእንስሳት ሕክምና ተቋም የተመረቁት በየጊዜው በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዘንድሮ ተራው የእሷ ነበር። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሥጋው ተበልቶ ሻይ ሲቀርብ፣ ከታላቅ እስከ ታናሽ እያንዳንዱ ኑሮውን ይናገራል። ማን ተሾመ፣ ማን ከሥራ ወጣ፣ ማን ልጅ ዳረ፣ ማን ቀበረ። ሳጊናሊ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ከምረቃው ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሩቅ ደቡብ ወርዶ እዚያው ቀረ ይባል ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መጣ፣ በመጣበትም ቀረ።

ቀኑ ደስ የሚል ነበር። ዙራካን ገና እንደገቡ ለእንግዶቿ ሁሉ የጉልበቷን መድኃኒት እያሳየች «እናንተም ሽማግሎች ሆናችኋል፣ ኑ ላሽላችሁ» ብላ ቀልዳ ነበር። ሥጋው ሲቀርብ ታላቃቸው ቴሚርኩል መረቀ፣ አንገት ደፍተው አሜን አሉ፣ ተሳሳቁ፣ ተጎራረሱ። ሻዩ ገና እንደቀረበ ሳጊናሊ ከንፈሩን በጣቱ ነካ ነካ ማድረግ ጀመረ። ሌሎቹ ሲናገሩ እየገረጣ ሄደ። የእሱ ተራ ሊደርስ ሲል «አፌ ደነዘዘኝ» ብሎ ሊነሳ ሞከረና ወደቀ።

የሰፈሩ ሐኪም መጥቶ ዓይኑን ገልጦ አየ። «ይሄ መርዝ ነው» አለና ፖሊስ ጠራ።

የዙራካን የጉልበት መድኃኒት ሰማያዊ አበባ ያለው የተራራ ሥር በአረቄ የተዘፈዘፈበት ነው። በአካባቢው ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ልጆቹን ያን መርዛም አበባ እንዳይነኩ እየቆነጠጠ ነው የሚያሳድገው። ጠርሙሱ የሚቀመጠው መታጠቢያው አጠገብ ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ የተገኘው ግን ባዶውን፣ ከሳሞቫሩ፣ ከትልቁ የሻይ ማፍያ ኋላ ነው። ሳሞቫሩ አጠገብ ተቀምጣ ሻይ ስትቀዳ የዋለችው ደግሞ ጃይና ናት።

ጃይና የልጅ ልጇ የኡላን ሚስት ናት። ኡላን ሩሲያ ለሥራ ሄዷል። የልጅቱ ሆድ ገና መግፋቱ ነው። ፖሊስ ከወሰዳት ያ ልጅ የት ይወለዳል? ኡላንስ ምን ይባላል? ዙራካን እጇን እያፍተለተለች በበሩና በመስኮቱ መሀል ተመላለሰች።

መርማሪ ጃፓር ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከና ሻርፑን ገለጠ። የሟቹን ጺም ረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ በነጭ ጨርቅ ጠረግ አድርጎ አሸተተው፣ አጥፎም ኪሱ ከተተው።

«የእሱ ሳህን የትኛው ነው፣ እናቴ?»

አሳየችው። አጥንቱ ተግጦ ነጥቷል፤ የላት ጮማው ግን ሳይነካ በሳህኑ ዳር ተደርድሮ ረግቷል።

«ጮማ አይወድም ነበር?»

«ሐሞቱን አውጥተውለታል። ‹ጮማ ከበላሁ በሽታው ሳይሆን ሐኪሜ ነው የሚገድለኝ› ብሎ አስቆን ነበር።»

ጃፓር ወደ ወጥ ቤት ገባ። ጃይና ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«ሻዩን ማን ቀዳ?»

«እኔ።»

«ሲኒው በማን በማን እጅ አለፈ?»

«የሌሎቹ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሄደው። የእሳቸው ግን በማንም አላለፈም። ታናሽ ስለሆኑ በሩ ጋ፣ እኔ አጠገብ ነበር የተቀመጡት። ከእጄ ተቀበሉኝ።»

«ሲኒው የታለ?»

«አጠብኩት።»

«ሰው ወድቆ ሲኒ ታጥቢያለሽ?»

ጃይና መዳፏን አየች። «ሁሉም ይጮሃል። እኔን ማንም ይሄን አድርጊ አላለኝም። እጄ ዝም ብሎ አጠበ።»

ጃፓር ምንም አልጻፈም። ወደ ዙራካን ተመልሶ ድምፁን ይበልጥ ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ ይህቺን ልጅ ያምኗታል?»

ዙራካን አፏን ከፈተች። አዎን ማለት ፈልጋ ነበር። ግን ጠርሙሱ፣ የታጠበው ሲኒ፣ ደግሞ ኡላን በሰው አገር…

«የሰው ሆድ በምን ይታወቃል፣ ልጄ» አለች። «ቤቴ ከገባች ገና ዓመቷ ነው።»

ከኋላዋ ማንቆርቆሪያ ከበሩ ጋር ሲጋጭ ሰማች። ጃይና ሙቅ ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ውኃውን አስቀምጣ ተመለሰች።

ጃፓር ቦሎትን ደጅ አወጣው። ቦሎት ከእነሱ ጋር ተመርቆ አንዲት በግ እንኳ ሳያክም ታክሲ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው።

«ምን ምን አወራችሁ?»

«እኔማ ምን አለኝ? ‹መኪናዬ ሦስተኛ ሞተር ለወጠች፣ እኔ ሁለተኛ ሚስት› አልኩ።»

«ሟቹስ?»

«ምስኪን፣ ተራው መች ደረሰ። አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀ። ቴሚርኩል የጓደኛችንን የአሳንን አሟሟት ሲተርክ፣ ‹ያ በረዶ የትኛው ዓመት ነበር?› አለ። ሚስቱ ካሊፓ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ መሳቁን ተወ። እኔ ያመመው መስሎኝ።»

ካሊፓ የአሳን ሚስት ነበረች፤ ባልም ሚስትም የአንድ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ጃፓር ሲጠይቃት ቀና ብላ ተቀመጠች።

«የኪዚል ቤልን የተራራ መተላለፊያ ሲያቋርጡ በረዶ ያዛቸው። አሳን እግሩ ተሰበረ። ቴሚርኩል እስኪነጋ አቅፎት አደረ፤ እቅፉ ውስጥ ነው የሞተው። ልጆቼን አሳድጎ ያስተማረልኝ እሱ ነው። አባባ ነው የሚሉት።»

«በየስብሰባው ይተርከዋል?»

«ንገረኝ የምለው እኔ ነኝ» አለች። «ብቻውን እንዳልሞተ መስማት እወዳለሁ።»

ቴሚርኩል የመጨረሻው ነበር። የአውራጃው የከብት ሀብት ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ አሁንም ሲናገር ሰው ተነስቶ እንዲሰማው የሚጠብቅ ይመስላል።

«ልጅቷን አታጉላላት፣ አንተ ልጅ። ወጣት ናት፤ አሮጊቷ በጠርሙስ መርዝ እያስቀመጠች ልጅቷ ብትሳሳት ምን ይገርማል?»

«ለሟቹ ከእሷ ሌላ ማን ምን ሰጠው፣ ጋሼ?»

«ማንም። ከአንድ ትሪ በላን፤ ሻዩን ከእሷ እጅ ጠጣ። ሌላ ምን አለ?»

ቦሎትም፣ ካሊፓም፣ ዙራካንም ይህንኑ ነበር ያሉት።

ጃፓር ሁሉንም ቅድም በተቀመጡበት አስቀመጣቸው። ሬሳው ወደ ጎን ክፍል ተወስዷል፤ በሩ ጋ ያለው ቦታ ባዶ ነው። ጃይናን «ከሳሞቫሩ አሁን የፈላውን ቅጂልን» አላት። እሷም ቀዳች፤ ሲኒዎቹም ከእጅ ወደ እጅ አለፉ። ማንም ወደ አፉ አላስጠጋም።

«አትጠጡት። ያዙት ብቻ» አለ ጃፓር።

ሲኒዎቹ ጆሮ የላቸውም፤ ሻዩ ይፋጃል። ቦሎት የሲኒውን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዞ አንጠለጠለው። ካሊፓ ከእጅ ወደ እጅ አቀያየረችው። ዙራካን በቀሚሷ ጫፍ ያዘችው።

«መርዙ በሻዩ አልነበረም» ሲል ጀመረ ጃፓር። «ሻዩ ገና ሲቀርብ ሟቹ ከንፈሩን ይነካካ ነበር፤ ሁላችሁም ነግራችሁኛል። የደነዘዘው ከሻይ በፊት በገባ ነገር ነው።»

«ከሻይ በፊትማ አንድ ትሪ ነው የበላነው» አለ ቦሎት። «እኛስ ታዲያ?»

«እሱን ነው ደጋግሜ የጠየቅኋችሁ። ሳጊናሊ ጮማ አይበላም። የደረሰውን ሁሉ ወደ ሳህኑ ዳር ገፍቶታል። ጺሙ ላይ ግን የላትና የጉበት ቅባት አገኘሁ። የማይበላውን ማን አበላው? ሐኪም የከለከለውን ነገር ሰው እምቢ ማለት የማይችለው መቼ ነው?»

ካሊፓ «ሲጎርስ» አለች።

«ሲጎርስ። ታላቁ በእጁ ሲያጎርሰው። ማን ምን ሰጠው ስላችሁ አራታችሁም ጉርሻ አላላችሁም። እኔም ብሆን አልልም። ጉርሻ ምግብ አይደለማ፤ ፍቅር ነው፣ ክብር ነው። ማን ይቆጥረዋል?»

ቦሎት ሲኒውን አስቀመጠ። «ፊቱን ሲያጨማድድ ስቄበታለሁ እኮ» አለ። «‹ዋጥ አድርጋት፣ የታላቅ ነች› ብዬዋለሁ።»

«አጎረስኩት» አለ ቴሚርኩል። «ታናሼ ነው። ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። ሲመርቁ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ቀና ብለው የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሳህንዎ ከፊትዎ፣ ከመታጠቢያው የያዙት ጠርሙስ ኪስዎ ውስጥ ነበር፤ ጉርሻውን በእሱ አራሱት። ሰው ሲወድቅ በግርግሩ ባዶውን ከሳሞቫሩ ኋላ ሸጎጡት። ይህን በዓይኔ አላየሁትም፤ እየገመትኩ ነው።» ጃፓር ጎንበስ ብሎ አየው። «ግን ጋሼ፣ ሲኒው አያቃጥልዎትም?»

ሁሉም የቴሚርኩልን ቀኝ እጅ አዩ። የሚፋጀውን ሲኒ በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ይዞታል። ቆዳው ቀልቷል።

«እናታችን ሥሩን ለጉልበታቸው የሚቀቡት የነካውን ስለሚያደነዝዝ ነው» አለ ጃፓር። «ያን ጉርሻ ያሸ ጣትም እስካሁን እሳት አይለይም።»

ቴሚርኩል ሲኒውን ቀስ ብሎ አወረደው። «ለምን ብዬ?» አለ። «ከእሱ ጋር ምን ጠብ አለኝ?»

ጃፓር ወደ ዙራካን ዞረ። «እናቴ፣ ከምግቡ በፊት እጅ ሲታጠቡ እርስዎ ፎጣ ይዘው ቆመው ነበር። ሟቹ ለጋሽ ቴሚርኩል ምን አላቸው?»

ዙራካን ግንባሯን አሸች። «ምንም… ቀልድ ነው። ‹አንተ ሆዳም› አለው። ‹እኔ ኪዚል ቤል እረኞቹ ጋ ሳለሁ፣ በዚያ በረዶ ሌሊት ጎጇችን ገብተህ ድስታችንን እንዴት እንደጠረግህ፣ እስኪነጋም እንዴት እንዳንኮራፋህ ዛሬ ባልናገርብህ!› ቴሚርኩልም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።»

ዙራካን የተናገረችውን ራሷ የሰማችው ያኔ ነው።

«ሳጊናሊ አሳን መሞቱን እንጂ የትኛው ሌሊት እንደሆነ አያውቅም ነበር» አለ ጃፓር። «ለዚህ ነው ዓመቱን የጠየቀው። ሲነገረው ገባው፤ ግን ጉርሻውን ከዋጠ ቆይቷል።»

ካሊፓ ወደ ቴሚርኩል ዞረች። ድምፏ ከፍ አላለም።

«አንተ ስትበላ አሳን የት ነበር?»

ቴሚርኩል የደነዘዘ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ትልቁ ሰውዬ ድንገት አነሰ።

«ከቋጥኙ ሥር» አለ። «ሰው ይዤ ልመለስ ነበር የወጣሁት። እውነቴን ነው። ጎጆው ይሞቅ ነበር… ድስቱ ተጥዶ ነበር። ትንሽ ልሙቅና እነግራቸዋለሁ አልኩ። ተኛሁ። ስነቃ ነግቷል። ከዚያ ምን ልበልሽ ነበር፣ ካሊፓ? ምን ልበልሽ ነበር?»

«ጠርቶህ ነበር?»

ቴሚርኩል የቀላ መዳፉን ገልብጦ አየው። ካሊፓ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደጅ ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች ክንዱን ይዘው ሲያስነሱት እንኳ አላየችውም። ልጆቿ በማግስቱ አባባን ሊጠይቁ ከከተማ የሚመጡ ነበሩ።

ግቢው ሲረጋጋ ዙራካን ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እግሯ ይጎተታል፤ ልቧ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል ብሏት ነበር። ልጅቷ ተርፋለች፣ ጽንሱም ተርፏል፤ ኡላን ሲደውል የምትነግረው በጎ ነገር አላት።

«ጃይናዬ» አለች። «ነይ ቁጭ በይ፣ እህል ቅመሺ። ስትንቀጠቀጪ ነው የዋልሽው። እኔ እኮ… ያንን ያልኩት ስለጨነቀኝ ነው። ሰው ሲጨንቀው የማይለው የለም። የእናትን ጭንቀት አሁን አንቺም ልታውቂው ነው።»

ጃይና የመጨረሻውን ሳህን አድርቃ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ሽርጧን ፈታች። ካፖርቷን ከሚስማሩ አውርዳ ለበሰች፤ ሆዷ ላይ ቁልፉ እምቢ ሲላት ክፍቱን ተወችው።

«የት ነው በዚህ ብርድ? ጃይና? ጫማሽ እርጥብ ነው፣ ቆይ የእኔን ልስጥሽ…»

ዙራካን የራሷን ቦት ጫማ ለማንሳት ጎንበስ አለች። ቀና ስትል በሩ ተከፍቶ ነበር። ጃይና በእንግዶቹ ፊት አለፈች፣ ለአንዳቸውም በምራት ወግ ራሷን ዝቅ አላደረገችም፣ ዞራም ሳታይ ወጣች።