ብርድ የለም የሚባልበት ቤት

አሌታ ከሰዘርላንድ ተራራ ወደ ላምበርትስ ቤይ የወረደችው ለሥራ ነበር። አክስቷ ወደቡ አጠገብ ባለ ዳቦ ቤት አስቀጠረቻት። በዚያች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሰው በክረምት ሰውነቱ የሚፍታታበት ቦታ ያ ዳቦ ቤት ብቻ መሆኑን ለማወቅ ብዙም አልቆየች።

ዓሣ አጥማጁ ኤልሮይም ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ለዚያው ነበር። ከጀልባ እንደወረደ፣ ቦት ጫማው ውሃ እያንጠባጠበ ይገባና ሁለት እጁን የመጋገሪያው ግንብ ላይ ለጥፎ ይቆማል። አንዲት ዳቦ ለመግዛት የሚፈጅበት ጊዜ ሌላው ሰው ቁርሱን በልቶ ይጨርስበታል።

«አንተ፣ ዳቦ ልትገዛ ነው የምትመጣው ወይስ ልትጋገር?» አለችው አንድ ቀን።

ዞር ብሎ አያት። ቅንድቡ ላይ የባሕር ጨው ደርቋል።

«ከገዛሁ እኮ መሄዴ ነው» አላት።

«በርዶኛል አትልም?»

«አልበረደኝም። እዚህ አገር ብርድ የለም። ብርድ ያለው እናንተ ጋ ነው።»

«እኛ ጋማ በረዶ ደጁን ሞልቶት ቤት ውስጥ በሸሚዝ ነው የምንቀመጠው። እዚህ ሦስት ሹራብ ደራርቤ እተኛለሁ፤ ስነሳ ትራሴ እርጥብ ነው። ለመሆኑ ቤት ስትሠሩ ምድጃው የት ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም?»

«ምድጃ ለምኑ? ውሃ እንኳ በረዶ አይሆንም እኮ።»

«እስቲ እጅህን ከግንቡ ላይ አንሳና ድገመው።»

አላነሳም። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ቀጥሎ እሱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳቦውን የምትሰጠው ከሁሉም ደንበኛ መጨረሻ ላይ ሆነ።

መስከረም ላይ፣ ሜዳው ሁሉ አበባ በለበሰበት ሰሞን፣ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ። ኤልሮይ የራሱ ቤት ስላልነበረው ከአባቱ ከጋሽ ፍሎርስና ከእናቱ ከእትዬ ድሪካ ጋር መኖር ጀመሩ። ቤቱ ፊቱን ለባሕሩ የሰጠ ነው። በበጋ ደስ ይላል። ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል፤ ግድግዳው ያልበዋል፤ ከአልጋው ራስጌ በላይ ያለው ጥቁር ሻጋታ ቢፈገፈግ፣ ኖራ ቢቀባ ተመልሶ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ የብረት ምድጃ የለም። ምግብ የሚበስለው እንኳ ጓሮ ባለ ለብቻው በተሠራ ማዕድ ቤት ነው።

እትዬ ድሪካ ያስላሉ። አሌታ ከሥራ ስትመለስ አልጋ ውስጥ ታገኛቸዋለች፤ ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ትገባለች። የቤቱን ብርድ ልብስ ሁሉ ደርበው፣ እግር ለእግር ተጠላልፈው ያወራሉ።

«ልጄ ሳያይሽ እኔ ባየሁሽ ኖሮ እኔ ነበርኩ የማገባሽ» ይሏታል። «ትሞቂያለሽ።»

«ዱቄት ሸተትኩብዎ ይሆናል።»

«ዳቦ ነው የምትሸቺው። ተጠጊ።»

ማሪና ስለምትባል ሴት ልጃቸው የነገሯትም እንዲህ ተኝተው ሳለ ነው። ኤልሮይ ትንሽ ልጅ፣ ማሪና ደግሞ ከእሱ የምታንስ ነበረች። በአንዱ ክረምት ሁለቱንም ሳል ያዛቸውና ጋሽ ፍሎርስ የላምባ ምድጃ ገዝተው መኝታ ቤታቸው አስቀመጡ።

«ማን ገልብጦት ቤቱ እንደተያያዘ አላውቅም» አሉ እትዬ ድሪካ። «እኔ ጎረቤት ነበርኩ። ፍሎርስ ጭሱ ውስጥ ገብቶ ኤልሮይን ይዞ ወጣ። እሷን ሊያመጣ ሲመለስ ጣሪያው ወረደ።»

አሌታ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳበችላቸው።

«ፍሎርስ ብርድ የለም ሲል ዝም የምለው ለዚህ ነው። ኤልሮይም አባቱን ቀና ብሎ የማያየው ለዚሁ ነው።»

ሐምሌ ላይ የእትዬ ድሪካ ሳል ጠና። የክሊኒኩ ሐኪም ሳምባቸው መጎዳቱን ነግሮ መድኃኒት ሰጣቸው፤ የሚተኙበት ክፍል ደረቅና ሞቃት ካልሆነ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃም ተናገረ። በዚያው ቀን እራት ላይ አሌታ ነገሩን አነሳች።

«አባባ፣ የላምባ አይደለም የምለው። የብረት ምድጃ፣ በር ያለው፣ ጭስ ማውጫው በጣሪያ የሚወጣ። እኛ ቤት ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ አለ፤ ማንንም ነክቶ አያውቅም።»

«በዚህ ቤት እሳት አይገባም» አሉ ጋሽ ፍሎርስ። አልተቆጡም። ዓሣውን ከአጥንቱ እየለዩ ነበር።

«ለእማማ ነው እኮ።»

«አይገባም አልኩሽ ልጄ።»

አሌታ ባሏን አየችው። ኤልሮይ ሳህኑን ያያል። ጠበቀችው። ሳህኑን እንዳየ ቀረ።

ክፍላቸው ሲገቡ «ዝም አልክ» አለችው።

«ምን ልበለው? ከማሪና ይልቅ እኔን ያወጣኝን ሰው እሳት አንድድ ልበለው?»

«እናትህ እየሞቱ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አብረን እንንገራቸው።»

ጀርባውን ሰጥቷት ተኛ፤ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ግን ከአተነፋፈሱ ታውቅ ነበር።

አሌታ ሌላ መላ ፈለገች። ጠዋት ጠዋት እትዬ ድሪካን ደግፋ ዳቦ ቤት እየወሰደች መጋገሪያው አጠገብ የዱቄት ከረጢት ላይ ታስቀምጣቸው ጀመር። ፊታቸው ወዝ አወጣ፤ ሳሉ ቀነሰላቸው። ዳቦ ለመግዛት የሚገባውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ ይቀልዱበታል። ኤልሮይ ከባሕር ተመልሶ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያገኛቸው በሩ ላይ ይቆምና ያያቸዋል፤ እንዲህ ሆኖ የሚቀጥል መስሎት ነበር።

በወሩ መጨረሻ ከሰሜን ምዕራብ ማዕበል መጣ። ዝናቡ በአግድም ነው የሚመታው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ መንገድ ላይ መቆም አይችልም። መብራት ጠፋ፤ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። ከተማዋን ከሆስፒታሉ የሚያገናኘው መንገድ በጎርፍ ተቆረጠ። ማዕበሉ ሳያባራ እትዬ ድሪካ በዚያ እርጥብ ክፍል ውስጥ አረፉ። አሌታ በአንድ ጎን አቅፋቸው፣ ኤልሮይ በሌላው ጎን እጃቸውን በትንፋሹ እያሞቀ። ጋሽ ፍሎርስ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ያሻሹላቸው ነበር፤ ካረፉ በኋላም ማሻሸታቸውን አልተዉም።

ከቀብሩ በኋላ አሌታ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ከተተች።

«አርግዣለሁ» አለችው ኤልሮይን። «እዚህ ቤት ግን አልወልድም። ና አብረን እንሂድ።»

«አባባን ለማን ልተወው? እህል እንኳ አይቀምስም።»

«ብጠላህ ይሻለኝ ነበር» አለችው፤ እንባዋ እየወረደ። «ግን አልጠላሁህም። ዝምታህ ነው የገፋኝ።»

አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከመላት። በመስኮቱ ተያዩ፤ አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን እንኳ ሳያነሳ ቆሞ ቀረ።

አባትና ልጅ በዚያ ቤት ሳይነጋገሩ ሰነበቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደቡ ላይ መረብ ሲጠግኑ፣ ኤልሮይ ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን አወጣው።

«አባባ፣ ያኔ ከማሪና ይልቅ እኔን ለምን መረጥክ?»

የጋሽ ፍሎርስ እጅ ቆመ።

«ይህን ይዘህ ነው የኖርከው?»

«አዎ።»

«አልመረጥኩህም» አሉ። «ጭሱ ዓይን አያሳይም ነበር። እጄ አንድ እግር ነካ፤ ያዝኩት። ደጅ ወጥቼ ሳይ አንተ ሆንክ። የእሷን ነክቼ ቢሆን እሷን ነበር የማወጣው።»

ኤልሮይ ይዘን ወይስ እፎይ ይበል አላወቀም። ደረቱ ላይ የኖረ አንድ ነገር ግን ተነሳለት፤ የተነሳበት ቦታም አመመው።

«ስለዚህ ለእኔ ብለህ አትቀመጥ። ሚስትህ ጋ ሂድ።»

«አብረን እንሂዳ።»

«እሳት ያለበት ቤት መተኛት አልችልም ልጄ። ለእናትህ እንኳ አልቻልኩም።» ከዚያ መረቡን ጥለው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ኤልሮይ አባቱ ሲያለቅሱ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰዘርላንድ ሲደርስ በሩን የከፈተችለት አሌታ ነበረች። ሆዷ ገፋ ብሏል። ለረጅም ጊዜ ተያዩ።

«ደግሞ ዝም ትለኛለህ?»

«አልልም።»

«እስቲ አንድ ነገር በል።»

«እማማን እኔም ገድያታለሁ» አላት። «ይህን ለማንም አልተናገርኩም።»

እጁን ይዛ አስገባችው። ባሕርን ትቶ በእርሻዎቹ ዙሪያ የአጥር ሽቦ የሚጠግን ሠራተኛ ሆነ። የካቲት ላይ ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። ስሟን ድሪካ አሏት። ክርስትናዋን ያዘገዩት፣ ሰኔ ላይ ጀልባዎቹ ሥራ ሲያቆሙ አያቷ መምጣት እንዲችሉ ብለው ነው።

ጋሽ ፍሎርስ መጡ። ከስተዋል። ደጁ በረዶ ለብሶ፣ ሳሎኑ መሐል የብረት ምድጃው የድንጋይ ከሰል ይበላል። ከበሩ ደፍ ወዲያ አልተራመዱም። አሌታ ወንበር አምጥታ በሩ ሥር አስቀመጠችላቸው፤ ሕፃኗንም እዚያው ወስዳ አስታቀፈቻቸው። አንድ እጃቸው ልጅቷን ይዟል፤ ሌላው የበሩን እጀታ አልለቀቀም።

ኤልሮይ አባቱን አይቶ፣ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። አባቱ መውጫ እንዲያዩ በሩ ክፍት ይሁን ብሎ እንዴት እንደሚለምናት ጨነቀው።

አሌታ ግን ተነስታ ነበር። ብርድ ልብስ አምጥታ ልጅቷንና አያቷን አንድ ላይ ጠቀለለቻቸው። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው፤ የራሷንም ወንበር ስባ ነፋሱ በሚገባበት በኩል፣ ከአማቷ ጎን ተቀመጠች።