አጥር ዳር ያለው መደብ

ጠዋት የምርምር ማዕከሉ ግቢ ስትደርስ ሾፌሩ ፒክአፑን እያሞቀ ነበር። ሜትሯን፣ የወረቀት ከረጢቶቿንና ቦቲ ጫማዋን ከኋላ ጫነች። ጋቢና ገብታ አልዘጋ የሚለውን መስኮት እንደ ወትሮው በመዳፏ ገፍታ ዘጋችው። ሥራዋ አዳዲስ የስንዴ ዝርያዎችን በገበሬ ማሳ ላይ መሞከር ነው።

«ዛሬም ኮስታራው ጋ ነን?» አላት ሾፌሩ።

«የሙከራው ማሳ የሱ ነው። የት ልንሄድ ኖሯል ጋሼ?»

«እኔ እንጃ። ያ ልጅ ስንዴውን ትቶ አንቺን ነው የሚያየው። አላማረኝም።»

እሷም አላማራትም ነበር፤ ምክንያቷ ግን ሌላ ነው።

ኮስታራው ወጣት ገበሬ ነው። ከአባቱ ማሳ ጫፍ ላይ አራት መደብ ስንዴ ተዘርቷል። ገበሬው ለአንዱ እንዳያዳላ በየመደቡ ቁጥር ብቻ ተተክሏል፤ የትኛው የትኛው ዘር እንደሆነ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። አንዱ ዓመታት የደከመችበት፣ ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ የማይደፍረው የራሷ ዝርያ ነው። አንዱ ደግሞ ለማወዳደሪያ ከአባትየው ጎተራ የተወሰደ። የአባትየው ዘር ከበለጠ ሙከራው ይዘጋል፤ እሷም ወደ ሌላ ጣቢያ ትዛወራለች።

ባለፈው ጉብኝቷ አጥር ዳር ያለው መደብ ከሌሎቹ ተለይቶ ደልቦ አግኝታው ነበር። የአባትየው ዘር ነው።

ኮስታራው አጥሩን ከፈተላት። አባቱ መደቡ አጠገብ ቆመው ዘለላውን ይዳብሳሉ።

«ቁጥር ስለተከልሽበት የገዛ ስንዴዬ የሚጠፋኝ መሰለሽ ልጄ?» አሉ ሳቅ እያሉ። «ምርጥ ዘር፣ ምርጥ ዘር ስትሉ ከረማችሁ። እኔ እንደሁ መንግሥት በነጻ የሚያድለውን ነገር ድሮም አላምንም።»

ዞር ብላ ልጁን አየችው። መሬት መሬቱን ያያል።

ቁጢጥ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረችው። ጥቁርና ልስልስ ያለ፣ ያልበሰበሰ ገለባ የተቀላቀለበት ነው። የሚቀጥለውን መደብ ጫረች፤ ደረቅ ቀይ አፈር።

አባትየው እስኪርቁ ጠበቀች።

«ፍግ ጨምረህበታል።»

የአጥሩን እንጨት በጥፍሩ ይልጥ ጀመር።

«ላንተ ነው የምናገረው።»

«ጨምሬያለሁ።»

«የአባትህ ዘር እንዲያሸንፍ?»

«አይደለም።» ፊቱ ፍም መሰለ። «ያንቺ መስሎኝ ነው።»

«ገበሬ የአባቱ ስንዴ ጠፋው በለኛ።»

«ዘለላ ሲያወጣማ አወቅኩት፤ አፍሬ ዝም አልኩ። ፍጉን ያፈሰስኩት ገና ቡቃያ ሳለ ነው። ያኔ ሁሉም ሣር ነው የሚመስለው።»

«ከአራቱ እሱን ለምን መረጥክ?»

«ዓይንሽን አይቼ። ከመኪና ስትወርጂ፣ ገና አጥሩን ሳታልፊ፣ መጀመሪያ የምታዪው እሱን ነበር። የምትወጂው እሱ ነው ብዬ...»

እውነቱን ነው፤ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነበር። ስለምትፈራው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ከሷ ቀድሞ ያስተዋለው እሱ ነው።

«ለምን ግን?»

«ዘርሽ ከተሸነፈ እንደሚያዛውሩሽ ጋሼ ነገረኝ።»

ሾፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ማመን ፈለገች፤ ጥርጣሬዋ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቃት አልነበረም።

«ነገ የማዕከሉ ኮሚቴ ለጉብኝት ይመጣል። ይህንኑ በአባትህ ፊት ትናገራለህ?»

አባቱ ወደሄዱበት ዞሮ አየ።

«እናገራለሁ።»

ተናገረም። በማግስቱ ጎብኚዎቹ አጥር ዳር ያለውን መደብ ሲያደንቁ፣ አባትየውም ደረታቸውን ነፍተው ቆመው ሳለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ፍጉን የጨመረው እሱ መሆኑን ነገራቸው።

«ምን አስበህ ነው?» አሉት የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«ልጅቷ እንዳትሄድብኝ።»

እሷ የምታይበት ጠፋት። ቀድመው የተናገሩት አባትየው ናቸው።

«እኔ ደግሞ ፍጌን ማን ወሰደው እያልኩ ጎረቤቴን ሳማ ከረምኩ።»

የማሳው ውጤት ተሰረዘ፤ ሙከራው እዚያው እንዲደገም ተወሰነ። በሚቀጥለውም የዘር ወቅት በመጣች ቁጥር አፈሩን መጫሯን አልተወችም። እሱ ከአጥሩ ማዶ «ንጹሕ ነኝ» እያለ ይስቅባታል። ዋግ ሲገባ የአባትየው ስንዴ ዝገት መሰለ፤ የሷ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። አባትየው ለቀናት ማሳውን ሲዞሩ ከርመው፣ «መቼም ቤታችን መግባትሽ ካልቀረ ዘሩንም ይዘሽ ነይ» አሏት።

ይዛ ገባች። ከተጋቡ በኋላ አንድ ነገር ላይ ዓይኗ ካረፈ፣ ደብዳቤም ይሁን የልጅ ሳል፣ «ምን አስፈራሽ?» ይላት ነበር። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም።

ስንዴው ዛሬ በየማሳው አለ። እሱ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከመኪና ወርዳ አጥሩን ራሷ ትከፍታለች። መጀመሪያ ወዴት እንዳየች ልብ ብሎ «ምን አስፈራሽ?» የሚላት ግን የለም።