ሽቅብ የወጣው ባቡር

የጥገና ሠራተኛው የጎሳዬ አስከሬን የተገኘው ጅቡቲ ከተማ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ባለው መዝናኛ ፓርክ፣ ከሮለር ኮስተሩ፣ ከመጫወቻው ባቡር ሐዲድ ሁለተኛ ጉብታ ሥር ነው። ጧት ሐዲዱን ሊፈትሽ ወጥቶ ሳለ ባዶ ባቡር መትቶ ጣለው። ትኬት ሻጯ እህቱ የውብዳር ስትደርስ አንድ እግር ጫማው እላይ ከሐዲዱ ጋር ቀርቶ ነበር።

ሮለር ኮስተሩ ፈረንሳይ አገር ሠላሳ ዓመት አገልግሎ፣ ተፈታትቶ በመርከብ የመጣ አሮጌ ብረት ነው። የጅቡቲ ባሕር ደግሞ ብረት ይበላል።

«መብራት ሲጠፋ ፍሬኑ ለቀቀና ባቡሩ አመለጠ» አለ ኦፕሬተሩ በፍቃዱ እያለቀሰ። «እኔ ጓሮ ነበርኩ።»

የውብዳር ትከሻው ላይ ተደፍታ አነባች። ለጥር ሊጋቡ ነበር፤ ሽማግሌ ሲላክ እሺ ያለው ጎሳዬ ነው።

መርማሪዋ ሁዳ ድሬዳዋ ያደገች፣ አማርኛዋ የጠራ ሴት ናት። ወደ ፓርኩ ባለቤት ዞረች።

«አቶ ዓለምሰገድ፣ ጎሳዬ የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከእኔው ጋር ነዋ! ትናንት ‹ብየዳው ተሰንጥቋል፤ ነገ ፎቶ አንስቼ አሳይዎታለሁ› አለኝ። የፍተሻ መዝገቡ ንጹሕ ነው ብዬ ተከራከርኩት።»

«መዝገቡን ማን ይፈርማል?»

«በፍቃዱ።»

ሁዳ ደረጃውን ራሷ ወጣች። ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው። ስትወርድ ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ባቡሩ ቁልቁል እንዲወርድ መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት አለበት» አለች። «ሽቅብ የሚጎትተው ሰንሰለት ያለ መብራት አይዞርም። ፍሬኑም መብራት ሲጠፋ ይነክሳል እንጂ አይለቅም፤ አሠራሩ እንዲያ ነው። ስለዚህ መብራት አልጠፋም። ሰው ነው ያስነሳው።»

«በምን ቁልፍ? ጎሳዬ እኮ ሐዲዱ ላይ ሲወጣ የማስነሻውን ቁልፍ ነቅሎ ነው የሚይዘው» አለ ዓለምሰገድ።

«የእሱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተገኝቷል። ሁለተኛውስ?»

«የውብዳር ዘንድ ነው የሚቀመጠው።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እሷ ግን በፍቃዱን አየችው፤ ይናገርልኛል ብላ ጠበቀች።

«አዎ፣ እሷ ጋ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «እኔ አላየሁትም።»

የውብዳር መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም።

«ትናንት ማታ ወስደኸው የለም እንዴ? ‹ጧት ጎሳዬን ላግዘው› ብለኸኝ!»

«ትዋሻለች!»

«እሷ ከቡላኦስ ሰፈር ከመጣው ሚኒባስ ስትወርድ ወንድሟ ሞቶ ነበር፤ ዘበኛው ከውጭው በር ላይ ሆኖ አይቷታል» አለች ሁዳ። «አቶ ዓለምሰገድንም ከቤታቸው በስልክ የጠራቸው እሱው ነው። ከበሩ ወዲህ፣ ግቢው ውስጥ ከጎሳዬ ጋር የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ስንጥቁ እስከ ውስጡ ዝጓል፣ የወራት ነው። አንተ ግን ሐዲዱን ሳትወጣ በየቀኑ ስትፈርም ከርመሃል። ጎሳዬ ዛሬ በፎቶ ሊያጋልጥህ ነበር።»

በፍቃዱ ወደ የውብዳር ዞረ። «ከሥራ ከተባረርኩ መኖሪያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። አንቺን እንዳላጣ ብዬ ነው።»

«ወንድሜን በእጄ አስገደልከኝ» አለችው።

ሲወስዱት ቀና ብላ አላየችውም። ድሬዳዋ ያሉ እናቷ ስልክ እየደወሉ ነበር። የጎሳዬን መሞት ሰምተዋል፤ ገዳዩን ግን ገና አላወቁም። በፍቃዱን «ልጄ» ማለት ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸዋል።