ቀጭኑ ዘይት

መካኒኩ የአሮጊቷን መሪ ጨብጦ ወደ ግቢው በር ሊገፋት ሲል ልጅቷ ከፊቱ ተደነቀረች።

«ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት?»

«ፕሮፌሰር ጥያቄ ያጣች ቀን ታማለች ማለት ነው» አለ መካኒኩ።

ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ያላት በከንቱ አይደለም። የሳሙና ካርቶን እንኳ ሳታነብ አትጥልም፤ ያነበበችውን ደግሞ ሌላውን ሳታስተምር አታድርም። አሮጊቷ የተባለችው የአባቷ ሞተር ሳይክል ናት፤ ልጅቷን በሰባት ዓመት ትበልጣታለች። አባትየው በእሷ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለየሱቁ ዳቦ ሲያደርስ አንዲት ዳቦ መሬት ነክታበት አታውቅም። ባለፈው ወር ዳገቱ ላይ እስከወደቀ ድረስ።

አሁን አልጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም ስላለ አሮጊቷ ለመለዋወጫ ልትፈታ ነው። ቤቱን ያጨለመው ግን ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። «እጄ ከዳኝ» ይላል ሰውየው ቀን ከሌት። «ፍሪሲዮኑን ጨብጬ መልቀቁን ረስቼው ነው። ሞተሩ እየጮኸ ወደ ኋላ የሄደችብኝ ሌላ በምን ይሆናል?» ከዚያ ወዲህ ጺሙን አልተላጨም፤ ማንኪያም አይዝም። እጆቹን ብርድ ልብሱ ሥር ደብቆ እንደ ጥፋተኛ ያስቀምጣቸዋል።

«የጓደኛዬ አባት አለ» አለች ልጅቷ። «አሮጌ ሞተር ነው ያለው። እና የመኪና ዘይት ተሞላበት። ምርጥ ዘይት ነው እኮ! ቀጭን፣ ለአዳዲስ ሞተር የተሠራ። ችግር አለው?»

መካኒኩ ሳቀ። «የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው ፍሪሲዮን፣ በመኪና ደረቅ ነው። የእነዚህ ግን እዚያው የሞተሩ ዘይት ውስጥ ነው ተዘፍዝፎ የሚኖረው። እንዲህ ያለ አንሸራታች ዘይት ሞላሽበት ማለት አጥብቆ የሚይዘውን የፍሪሲዮኑን ሸራ ሳሙና ቀባሽው ማለት ነው። ሜዳ ላይ አይታወቅሽም። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይጎትትም። ጭነት ካለ ደግሞ ወደ ኋላ...»

አልጨረሰውም። አሮጊቷን አቆመና የዘይቱን ክዳን ፈታ፤ ጣቱን ነክሮ አሸት አሸት አደረገው። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ጓደኛሽ ናት የሞላችው?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። አባቷ «ያንን የለመድነውን ወፍራሙን አምጪ» ብሎ ነበር የላካት። እሷ ግን ሱቁ ውስጥ ቆማ ጣሳ አነበበች። «የላቀ ልስላሴ» ይላል። አሮጊት ልስላሴ ካልፈለገች ማን ይፈልጋል? አባቷ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ልታስደስተው ብላ አሮጌውን ዘይት አፍስሳ፣ አዲሱን ራሷ ሞላችው። ባዶው ጣሳ አንድ ወር ሙሉ ከአልጋዋ ሥር ተኝቷል።

መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ የኔ ልጅ፣ ዛሬውኑ ዘይቱን እደፋዋለሁ። ከእኔ አፍ አይወጣም። ጉልበቱ እንደሆነ አይመለስ፤ ብትነግሪው ምን ይጠቅመዋል?»

በተከፈተው መስኮት የታላቅ ወንድሟ ድምፅ ተሰማ። «አባዬ፣ አፍህን ከፈት አድርግ እንጂ! ሾርባው ቀዘቀዘ።»

«ቀስ በል ልጄ» አለ አባትየው። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳይደፉት» አለች ልጅቷ። «ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጣሳውን ከነአቧራው አውጥታ ወደ አባቷ ክፍል ገባች። ወንድሟ ማንኪያውን አየር ላይ ይዞ «ደግሞ ምን ልታስተምሪን ነው?» አላት። ጣሳውን አባቷ ጭን ላይ አስቀመጠች፤ መነጽሩን ከመስኮቱ ደፍ አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«መነጽርህን ያዝ አባዬ። የምታነበው ነገር አለ። ከዚያ የምነግርህም አለ።»

መነጽሩን ራሷ ልታደርግለት አልሞከረችም። እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር እስኪወጣ ድረስ ዘርግታ ጠበቀችው።