ሦስቱ ሳይገባ አይቀመጥም

«ኧረ እባካችሁ ተቀመጡ! እኔ እኮ የመጣሁት ጨዋታ ላይ እንጂ የሰው ጀርባ ላይ አይደለም!» አሉ ከኋላ ያሉት ሽማግሌ፣ ለአምስተኛ ጊዜ።

ማን ሰምቷቸው! የኮሌጁ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ቆሟል። ሦስተኛው ሩብ ሊያልቅ ነው፤ ሕዝቡ ግን ጨዋታው ከተጀመረ ወዲህ ወንበር አልነካም። ሕግ ነዋ! «ባለሦስቱ» የሚሉት ተጫዋች ከሩቁ መስመር ውጪ ወርውሮ የመጀመሪያዋን ባለ ሦስት ነጥብ እስኪያስቆጥር ድረስ የሚቀመጥ ደጋፊ የለም።

ይቺን ሕግ ማን ያወጣት መሰላችሁ? የገዛ እህቱ! ሰፈሩ ሁሉ «ጡሩምባ» ይላታል። ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጉሮሮዋ ግን የአራት ሰው ነው። አምና፣ ወንድሟ ወርውሮ የማይስት በነበረበት ጊዜ፣ «እስኪያገባ አንቀመጥም!» ብላ ጮኸች። ጓደኛዋ ቀጮ ተቀበለቻት፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ። ያኔ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ቢቆሙ ነው።

ዘንድሮ ግን የባለሦስቱ እጅ ነጥፏል። ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች አሥራ አራት ጊዜ ወርውሮ አንዷም አልገባችለትም። ሕዝቡ ታዲያ አርፎ ይቀመጣል? በሳተ ቁጥር ጭራሽ ብሶበት «ሦስት! ሦስት!» ይላል። ሌላው ተጫዋች ሰብሮ ገብቶ ሁለት ነጥብ ሲያስቆጥር ለወጉ ያህል ያጨበጭባሉ፤ ሁለት ነጥብ ለእነሱ ነጥብ አይደለም። አንጀት ያሳርራሉ!

«ከጠዋት ጀምሮ ከአልጋ አልጋ ስዞር ውዬ፣ ደግሞ እዚህ ልገተር?» አለች ጡሩምባ አጠገብ የቆመችው እናቷ ጉልበቷን እያሸች። ነርስ ናት፤ በቀጥታ ከሥራ ነው የመጣችው። «ልቀመጥ በቃ።»

«እማዬ ደግሞ! የእሱ እናት ሆነሽ አንቺ ብትቀመጪ ምን ይላሉ?»

«ጉልበቷን አሟት ይበሉዋ!»

እንዲህ ትበል እንጂ አልተቀመጠችም። ጡሩምባ ለእናቷ አዘነች፤ ከሐዘኑ ይልቅ ግን ንዴቱ ባሰባት። የምትናደድበት ሰው ማጣቷ ደግሞ ይባስ አናደዳት።

ትናንት ወንድሟ ሳህን እያጠበ እሷ ስታደርቅ፣ ድንገት «አሰልጣኙ ቁርጡን ነግሮኛል» ብሏት ነበር። «ተከላካይ ፊቴ ተገትሮ እያየሁ አንዴ ከወረወርኩ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነኝ።»

«ታዲያ አትወርውራ! ምን ችግር አለው?»

«አንቺ ደግሞ ቀላል ታደርጊዋለሽ። ሺህ ሰው በእኔ ምክንያት ቆሞ እያየሁ? ኳስ እጄ በገባ ቁጥር የሚታየኝ የእማዬ ጉልበት ነው። አጠገቤ ነፃ ሆኖ ‹ስጠኝ› እያለ የሚጮህ ልጅ እንኳ አይታየኝም።»

ሕጉን ማን እንዳወጣው አላነሳም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

አራተኛው ሩብ ተጀመረ። ባለሦስቱ እስካሁን አንድም ጊዜ አልወረወረም፤ እያቀበለ፣ እየሮጠ፣ እየተከላከለ ነው። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ አላየለትም። «ወርውር እንጂ፣ ፈሪ!» አለ አንዱ። ጡሩምባ ዞር ብላ በዓይኗ ልትበላው ምንም አልቀራት።

ጨዋታው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ ሲቀረው ኳሷ እሱ ጋ ደረሰች። «ሦስት! ሦስት!» አዳራሹ ተናጋ። ተከላካዩ ፊቱ ተገትሯል። ባለሦስቱ ኳሷን ወደ ላይ አነሳ፤ አመነታ፤ እያመነታ ሳለ ኳሷን ነጠቁት፤ ሮጠው አገቡ። ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተመራ። አሰልጣኙ ዕረፍት ጠየቀና አንዱን ተጠባባቂ ቱታውን እንዲያወልቅ በእጁ ጠቆመው። ከዚያ ባለሦስቱን ትክ ብሎ አየና፣ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተጠባባቂውን መልሶ አስቀመጠው።

«ጡሩምባ፣ በይ ንፊው!» አለች ቀጮ ትከሻዋን እየነቀነቀች። «አሁን ነው ሰዓቱ!»

«እንቀመጥ።»

«ምን?»

«እንቀመጥ አልኩሽ። ልጁን እያስጨነቅነው ነው።»

«አብደሻል? ሕጉን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽ?»

«ያወጣሁት እኔ ከሆንኩ፣ የምሽረውም እኔ ነኛ!»

«ተቀመጪና ከእንግዲህ እኔን ጓደኛዬ እንዳትይኝ!» አለች ቀጮ። የምሯን ነው። ፊቷ ተለዋውጧል።

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት። ጡሩምባ ዞር ብላ ሜዳውን አየች፤ ወንድሟ ላቡን በማሊያው እየጠረገ ቀና ብሎ ወደ እነሱ ያያል።

ተቀመጠች።

«ተመስገን!» ብላ እናቷ ዱብ አለች አጠገቧ።

«ተባረኪ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው፤ እሳቸውም ተቀመጡ። አጠገባቸው ያሉ ሁለት ሴቶች ተያይተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ግን ማንም የተከተላቸው የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ የተቀመጠው አምስት ሰው ብቻ! ደግሞ ከተቀመጡ ወዲህ ከሱሪ ኪስ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

ፊሽካው ተነፋ። ጡሩምባ የጫማ ሲጥሲጥታ ሰማች። «ሦስት! ሦስት!» ሲሉ ሰማች። ከዚያ ጩኸቱ ቀጥ አለ፤ ተከትሎም አዳራሹ በሙሉ «ኤጭ!» አለ።

«ምን ሆነ? ቀጮ፣ ወረወረ?»

ቀጮ ኩርፊያ ላይ ናት። ግን አላስቻላትም።

«አቀበለ» አለች፣ ፊቷን ሳትመልስ። «ሁለት ሰው ላዩ ላይ ተከምሮ ሳለ ከሥራቸው አሾልኮ አቀበለ። አጭሩ ልጅ ባዶ ቅርጫት አግኝቶ አገባ፤ ሰዓቱም አለቀ።»

«አሸነፍና!»

«በሁለት ነጥብ ነው እኮ ያገባው» አለች ቀጮ፣ ሰው የሞተባት ይመስል።

ሕዝቡ እያጉረመረመ ሲወጣ ባለሦስቱ ደረጃውን ወጥቶ መጣ፤ እናቱ አጠገብ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«አየሽልኝ?» አላት እህቱን።

«ምን አባቴ አያለሁ! ተቀምጬ።»

ባለሦስቱ ሳቀ፤ እንዲህ ሲስቅ ካየችው ወር ሆኗታል። በዚህ መሀል፣ ቅድም «ፈሪ» ያለው ሰውዬ በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም አለ።

«ጎበዝ፣ ዛሬን ምረንሃል። በሚቀጥለው ግን ሦስት እንጠብቃለን፣ እሺ?»

ወንድሟ መልስ ሊሰጥ ሲል ጡሩምባ ቀደመችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ጠብቁ፣ ጋሼ» አለች። «ቁጭ ብላችሁ ግን።»