የረቡዕ የባሕር ፈረስ

ኤኖራ የምሳ ትሪዋን ከኖልዌን ፊት ለፊት ስታስቀምጥ፣ ኖልዌን የድሮ ጓደኛዋ ተሳስታ የመጣች መስሏት ነበር። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ያ ወንበር ባዶ ነው።

«ምነው አፈጠጥሽብኝ? ሰው አይተሽ አታውቂም?» አለች ኤኖራ ዳቦዋን እየቆረሰች።

«አይ... ተቀመጪ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ!» ሳቀች። ሳቋ አልተለወጠም። «ስሚ፣ የባሕር ፈረሴን አየሽው?»

አይታዋለች። የሳይንስ መምህራቸው ሙሴ ካራዴክ ክፍሉን በሙሉ ባስመዘገቡበት ድረ ገጽ ላይ፣ ሰው ያነሳውን የባሕር እንስሳ ፎቶ ይለጥፋል፤ ኮምፒውተሩ ስሙን ይገምታል፤ ሌላ ሰው አይቶ «እስማማለሁ» ሲል ፎቶው ይጸድቅና በባሕረ ሰላጤያቸው ካርታ ላይ ነጥብ ይሆናል። ብርቅ እንስሳ ያገኘ ተማሪ ደግሞ አንድ ጓደኛ መርጦ ከተመራማሪዎቹ ጋር በጀልባ ወደ ደሴቶቹ ይሄዳል። ከነጥቦቹ አብዛኞቹ የኖልዌን ናቸው፦ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ ደግሞ ሸርጣን።

«አንቺ ካጸደቅሽው ማንም አይጠራጠርም» አለች ኤኖራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጀልባው ላይ አንቺን ነው የምወስደው። እንደ ድሯችን።»

ኖልዌን ሾርባዋን አማሰለች። እንደ ድሯችን።

«ረቡዕ ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ሥር፣ ከድንጋዮቹ መሀል አነሳሁት ብለሻል።»

«አዎ። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለማ።»

«ባሕሩ ግን ሞልቶ ነበር። ድንጋዮቹ አይታዩም ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«እዚያ ነበርኩ። ግንቡ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

ኤኖራ ዓይኗን ወደ ትሪዋ መለሰች። የባሕር ዳር ልጅ ሆና ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት መርሳቷ ይሁን ያሳፈራት ወይስ ሌላው ነገር፣ ኖልዌን መለየት አልቻለችም።

«የአክስቴ ልጅ ነው ያነሳው፤ እዚህ ሳይሆን እነሱ ከተማ፣ አርካሾን» አለች በመጨረሻ። «አታካብጂ በናትሽ። የባሕር ፈረስ የባሕር ፈረስ ነው። ማን ይጎዳል?»

ከምሳ በኋላ ኖልዌን ቤተ መጻሕፍት ገብታ ፎቶውን ከፈተች። እንስሳው ጅራቱን በሣር ላይ ጠምጥሞ፣ ብቻውን ቆሟል። ያምራል። አሁን «እስማማለሁ»ን ብትጫን ነገ ምሳ ላይ ሁለት ይሆናሉ፤ ምናልባት ከነገ ወዲያም። ግን አንድ ቀን እንደ እሷ ያለ ሰው ካርታውን አይቶ ይመጣል፤ የብርዱን ወራት ሁሉ እጁ እየቀላ፣ ድንጋይ እያነሳ፣ የሌለውን ይፈልጋል።

ሐሳብ መስጫው ላይ ጻፈች፦ «ስሙ ልክ ነው። ቦታው ግን ይህ አይደለም።» አልላከችውም።

ኤኖራ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ተጫንሽው?»

ኖልዌን የኮምፒውተሩን ማያ ወደ እሷ አዞረችው። «አንቺ ራስሽ አስተካክዪው። አርካሾን ብለሽ ጻፊ። ካስተካከልሽው ይህን አልልከውም።» ኤኖራ እንድትቀመጥ ቦርሳዋን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አነሳች።

ኤኖራ አነበበች። ኤኖራ ዘንድሮ አብራቸው የምትውላቸው ልጆች ከኮሪደሩ ስሟን ጠሩ፤ አንዷ የሆነ ነገር ብላ ሁሉም ሳቁ።

«ፋራ ነሽ ታውቂያለሽ?» አለች ኤኖራ፣ ግን በቀስታ። ሄደች።

ኖልዌን ደወሉ እስኪደወል ጠበቀች። ከዚያ «ላክ»ን ተጫነች።